ስልኳን ልመልስላት ወይስ በስውር ልከታተላት? የ12 ዓመት ልጄ ከእኔ የደበቀችው ነገር

ግራ የገባው አባት (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው ካለፈው እሑድ ጀምሮ በቤታችን የሰፈነው ዝምታ ስለከበደኝ ነው። 12 ዓመት የሞላት ሴት ልጅ አለችኝ። ከክፍል ጓደኞቿ ጋር የምትጫወተው አንድ የስልክ ጌም አለ፤ በጌሙ ውስጥ ተጫዋቾች የሚጻጻፉበት ቦታ እንዳለ ባውቅም የሚጻጻፉት የሚተዋወቁ ልጆች ብቻ ይመስሉኝ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ የማታውቀው ሰው «እኔም 13 ዓመቴ ነው» ብሎ ቀረባት። በመጀመሪያ በጌሙ ውስጥ የሚገዙ ነገሮችን በስጦታ ይልክላት ጀመር፤ ቀጥሎ የጌሙ ቻት ያስቸግራል በሚል ሰበብ ወደ ሌላ የመልእክት መተግበሪያ እንዲሻገሩ አሳመናት። ከተሻገሩ በኋላ የትምህርት ቤቷን ስም ጠየቃት፤ ነገረችው። ፎቶ ጠየቃት፤ ተራ የፊት ፎቶ ላከችለት። ሁለተኛው የፎቶ ጥያቄ ግን ተራ አልነበረም። ያን ጊዜ ደንግጣ መልስ መስጠት ስታቆም «ካልላክሽ እስካሁን የጻፍሽልኝን ሁሉ ለጓደኞችሽ አሳያለሁ» ማለት ጀመረ።

ይህን ሁሉ የነገረችው ለእኔም ለእናቷም አይደለም፤ ለአክስቷ ነው። ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት የመለሰችልኝ መልስ ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል፤ «ብነግርህ ስልኬን ትወስድብኛለህ ብዬ ፈርቼ ነው»። እኔም ይህን በሰማሁበት ቅጽበት ያደረግኩት ነገር ቢኖር ስልኳን መውሰድ ነው።

አራት ቀን ሆነው። ባለቤቴ ስልኩ እንዲመለስላት ትፈልጋለች። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ልጅቷ ሳታውቅ በስልኳ ላይ የሚጫንና የምትጽፈውን ሁሉ ወደ እኔ የሚልክ መተግበሪያ እንዳለ ነግሮኛል፤ እሱ በልጁ ስልክ ላይ ከጫነው ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ አለኝ። ስልኩን ልመልስላት? ከመለስኩላትስ በስውር መከታተል ይገባኛል?

የሦስት ልጆች እናት

ወንድሜ፣ ልጅዎ ለአክስቷ መናገሯን እንደ ክህደት አይቁጠሩባት። ለአንድ አዋቂ ሰው መናገሯ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ለማንም ሳይናገሩ የሚቀሩ ልጆች ብዙ ናቸው። ሁለተኛው ልጄ 11 ዓመቱ ሳለ በታብሌቱ ያልተገባ ቪዲዮ ሲያይ አግኝቼው ታብሌቱን ለሁለት ወር ቆልፌ አስቀመጥኩት። በእነዚያ ሁለት ወራት ልጁ ጨዋ ሆነልኝ፤ ስለ ታብሌቱም አንድ ቀን እንኳ አላነሣብኝም፤ እኔም ቅጣቱ ሠራ ብዬ ለሰው እስከ መምከር ደርሼ ነበር። የጓደኛውን ስልክ ይጠቀም እንደነበረ፣ በዚያም የራሱን አካውንት ከፍቶ የይለፍ ቃሉን በሒሳብ ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጽፎ እንዳስቀመጠ የደረስኩበት በኋላ ነው። ታብሌቱን ወሰድኩበት እንጂ ኢንተርኔቱን አልወሰድኩበትም። እንዲያውም ዓይኔ ሥር ይሠራው የነበረውን ዓይኔ በማይደርስበት ቦታ እንዲሠራው አደረግኩት።

የእርስዎ ጉዳይ ደግሞ ከእኔም ይብሳል፤ ምክንያቱም ልጅዎ ያጠፋችው ጥፋት የለም። ያጠፋው ያ ሰው ነው። እሷ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሁለት አቅጣጫ ተመታች፤ እሱ አስፈራራት፣ እርስዎ ስልኳን ወሰዱባት። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ እኔም በድንጋጤ ያደረግኩት ነው። ነገር ግን ዛሬ ማታ ከጎኗ ተቀምጠው «ስልክሽን የወሰድኩት ተሳስቼ ነው» ቢሏት ክብርዎ የሚቀንስ አይመስለኝም።

የኔትዎርክ ሠራተኛ

ስልኩ ይመለስ አይመለስ የሚለው ክርክር ከመቀጠሉ በፊት አንድ አስቸኳይ ነገር ልጠይቅ። ስልኩ በእጅዎ ባለባቸው በእነዚህ አራት ቀናት የሰውየውን መልእክቶች አጥፍተዋል? ካላጠፉ አያጥፉ። ብዙ ወላጆች በንዴት የመጀመሪያ ሥራቸው የሚያደርጉት መልእክቱን መሰረዝ፣ ቀጥሎም ሰውየውን ብሎክ ማድረግ ነው፤ በዚህም ማስረጃው ከእጃቸው ይወጣል። በመጀመሪያ የአካውንቱን ስምና የፕሮፋይል ገጹን፣ ፎቶ የጠየቀበትንና የዛተበትን መልእክት ቀንና ሰዓቱ እንዲታይ አድርገው ስክሪንሾት ያንሱ። መልስ አይጻፉለት። ልጅዎን መስለው ሊያጠምዱትም አይሞክሩ፤ ይህ የፖሊስ ሥራ ነው፣ ማስረጃውንም ሊያበላሽ ይችላል። ከዚያ በኋላ በሁለቱም ቦታ፣ ማለትም በመልእክት መተግበሪያውም በጌሙም ሪፖርት ያድርጉ። ጌሙን የሚተው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ሰውየው ሌላ ልጅ የሚፈልገው እዚያው ነው። ልጅን እንዲህ ያለ ምስል መጠየቅና በዚያም ማስፈራራት በአብዛኞቹ አገሮች ወንጀል ስለሆነ ለፖሊስ ማመልከት የማጋነን ነገር አይደለም። ብሎክ የሚደረገው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የነገሩን ሂደት በደንብ ጽፈውታል፤ ሌሎች ወላጆችም ቅደም ተከተሉን ልብ ቢሉት መልካም ነው። ስጦታ፣ ወደ ሌላ መተግበሪያ መሻገር፣ ትንሽ የግል መረጃ፣ ተራ ፎቶ፣ ቀጥሎ ሌላ ፎቶ፣ ከዚያ ዛቻ። ከእነዚህ ሁሉ ለልጅ በቀላሉ የሚገባው ምልክት ሁለተኛው ነው። ለልጆች የተሠሩ ጌሞች በአመዛኙ አስጸያፊ ቃላትን የሚያጣራና ስልክ ቁጥር መለዋወጥን የሚከለክል ሥርዓት አላቸው፤ «ና ወደዚያ እንሂድ» የሚል ሰው ከዚህ ማጣሪያ ለመውጣት የሚፈልግ ሰው ሊሆን ይችላል። «እንግዳ ሰው አታናግሪ» የሚለው ምክር ጌም ውስጥ አይሠራም፤ ጌሙ ራሱ ከእንግዳ ጋር ነው የሚያጫውታት። «ከዚህ ጌም ወጥተን እናውራ ያለሽን ሰው ለእኔ ንገሪኝ» የሚለው ግን ይሠራል።

የተላከው ፎቶ ተራ በመሆኑ ለእርስዎ አያስፈልግዎትም፤ የባሰ የደረሰበት አንባቢ ካለ ግን «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነጻ አገልግሎት አለ። የሚያስተዳድረው በአሜሪካ የጠፉና የተበዘበዙ ልጆች ብሔራዊ ማዕከል ሲሆን፣ ከ18 ዓመት በታች ሳሉ የተነሡ እርቃን ወይም ወሲባዊ ምስሎችን ይመለከታል። ምስሉ ከስልክዎ አይወጣም፤ ከምስሉ እንደ ጣት አሻራ ያለ የቁጥር ኮድ ብቻ ይወጣና በአገልግሎቱ የተስማሙ ድርጅቶች ያንን ኮድ ይዘው ምስሉን ከመድረኮቻቸው ላይ ይፈልጋሉ። ባልተስማሙት ድርጅቶችና መልእክትን በሚያመሰጥሩ፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው በሚቆልፉ መተግበሪያዎች ላይ ግን አይደርስም።

ቆፍጣናው አባት

ከላይ ያለውን ሁሉ አነበብኩት። የኔትዎርኩ ሠራተኛ የጻፈው ጠቃሚ ነው፤ በቀረው ግን አልስማማም። እኔ 14 እና 9 ዓመት የሞላቸው ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ። የሁለቱንም የይለፍ ቃል አውቃለሁ፤ በፈለግኩ ጊዜ ስልካቸውን ተቀብዬ አነባለሁ። በቤቴ ውስጥ ስልክ የሚያዘው ሳሎን ነው። የ12 ዓመት ልጅ ምስጢር የላትም፤ ያላት ያልገባት አደጋ ነው። ልጄን ወንዝ ዳር ይዤ ስሄድ ዓይኔን ከእሱ አልነቅልም፣ ይህንንም ማንም ስለላ አይለውም። ወንድሜ፣ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ያንን መተግበሪያ ዛሬ ማታ እጭነው ነበር። ልጅቷ በሕይወት ደኅና ሆና ብትቀየመኝ ይሻለኛል።

ገና 19

ይቅርታ ይደረግልኝና ጋሼ፣ የምጽፈው ክትትል ሲደረግበት የነበረ ልጅ ሆኜ ነው። አባቴ 14 ዓመቴ ሳለ እንዲህ ያለውን መተግበሪያ በስልኬ ላይ ሳይነግረኝ ጫነ። ያወቅኩበት የስልኬ ባትሪ ያለ ምክንያት ቶሎ ማለቅ ሲጀምርና ለጓደኛዬ ብቻ የጻፍኩትን ነገር አባቴ በእራት ሰዓት በዘዴ ሲያነሣው ነው። አልተጣላሁም፣ አልጠየቅኩምም። ከአንድ የክፍል ጓደኛዬ አሮጌ ስልክ ተቀብዬ ሌላ አካውንት ከፈትኩ፤ የመጀመሪያውን ስልክ ደግሞ አባቴ እንዲያነበው ብቻ የትምህርት ነገር እየጻፍኩበት ተውኩት። አባቴ አንድ ዓመት ሙሉ የሚያነበው እኔ ለእሱ የጻፍኩለትን ነበር።

በዚያ በሁለተኛው ስልክ ላይ አንድ ሰው ፊቴን ከሌላ ሰው ገላ ጋር አገጣጥሞ በሠራው ፎቶ ያስፈራራኝ ጀመር። ፎቶው ውሸት ነው፤ እኔ አንድም ነገር አላደረግኩም። ነገር ግን ለአባቴ ልናገር ብል በመጀመሪያ ስለ ሁለተኛው ስልክ መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ ስለ ሁለተኛው ስልክ ለመናገር ደግሞ መተግበሪያውን እንዳወቅኩበት መናገር ሊኖርብኝ ነው። ስለዚህ አራት ወር ብቻዬን ተሸከምኩት። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ እርስዎ እንዳሉት ወንዝ ዳር ዓይኑን ላለመንቀል ነበር። ልዩነቱ ግን ወንዝ ዳር ያለ ልጅ አባቱ እንደሚያየው ያውቃል። እርስዎ ልጆችዎ እያወቁ ስልካቸውን ስለሚያዩ ከአባቴ ይሻላሉ ብዬ አስባለሁ፤ ሲወሰድባቸው ሊያኮርፉ ይችላሉ፣ ግን አልተታለሉም።

የኔትዎርክ ሠራተኛ

ወጣቱ በጻፈው ላይ የሙያ ነገር ብቻ ልጨምር። ተደብቀው የሚሠሩ መተግበሪያዎች ለመጫን በአብዛኛው የስልኩን የደኅንነት ጥበቃ አጥፉ ይላሉ፤ ከዚያም የልጁን መልእክት፣ ፎቶና ያለበትን ቦታ በማናውቀው ድርጅት ሰርቨር ላይ ያከማቻሉ። እንዲህ ያሉ ድርጅቶች በተደጋጋሚ ተጠልፈው የደንበኞቻቸው መረጃ ሾልኳል። እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ስፓይፎን የተባለውን ድርጅት ከዚህ ንግድ ጨርሶ አግዶታል። ልጅን ከአንድ እንግዳ ለመጠበቅ ብሎ የልጅን ፎቶ ሁሉ ለሌላ እንግዳ ማስረከብ እንዳይሆን።

በግልጽ የሚሠሩት፣ ለምሳሌ የጉግል ፋሚሊ ሊንክ ወይም በአይፎን ውስጥ ያለው ስክሪን ታይም፣ ሌላ ነገር ናቸው። ልጁ ቁጥጥር እንዳለ ያያል፤ እናንተ መተግበሪያ መፍቀድና መከልከል፣ ሰዓት መወሰን ትችላላችሁ፤ መልእክቱን ግን አታነቡም። በቤት ዋይፋይ ላይ ደግሞ ዋይፋዩን በሚያከፋፍለው ራውተር ላይ ዲኤንኤሱን፣ ማለትም የድረ ገጽን ስም ወደ አድራሻው የሚተረጉመውን አገልግሎት፣ 1.1.1.3 ማድረግ ይቻላል፤ ክላውድፍሌር የተባለው የኢንተርኔት አገልግሎት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ለቤተሰብ ያወጣው ነጻ ማጣሪያ ነው፣ አደገኛ ድረ ገጾችንና የወሲብ ድረ ገጾችን ይዘጋል። ነገር ግን የሞባይል ዳታ ሲከፈት ይህ ማጣሪያ የለም፤ ቻት ውስጥ የሚባለውንም አያይም። በእርስዎ ቤት የደረሰውን ነገር ይህ ሁሉ አያስቆመውም ነበር።

መምህርት ነኝ

እኔ የማስተምረው ከ10 እስከ 13 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። ቆፍጣናው አባት የ9 ዓመቱንና የ14 ዓመቱን ልጅ በአንድ ሕግ ማስተዳደራቸው ላይ ነው ችግሩ እንጂ መከታተላቸው ላይ አይመስለኝም። የ9 ዓመት ልጅ ስልክ ላይ የአዋቂ ዓይን ከሌለ ልጁን ችላ ማለት ነው። በ14 ዓመት ግን እያንዳንዱን መልእክት ማንበብ የሌሎችን ልጆች ምስጢርም ማንበብ ነው፤ ለልጅዎ ስለ ቤቷ ችግር የጻፈችለት የክፍል ጓደኛው እርስዎ እንዲያነቡት አልፈቀደችም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2021 ስለ ዲጂታል ዓለም ባወጣው 25ኛ አጠቃላይ አስተያየት ላይ የወላጅ ክትትል ተመጣጣኝና ከልጁ እያደገ ከሚሄድ አቅም ጋር የሚስማማ መሆን እንዳለበት አስፍሯል። ቃሉ የሕግ ቃል ይመስላል፤ በቤት ውስጥ ሲተረጎም ግን በየልደቱ ሕጉን ተቀምጦ ማሻሻል ማለት ነው።

ግራ የገባው አባት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መልእክቶቹን አላጠፋኋቸውም፤ ስክሪንሾቱን አንሥቼ ትናንት ለፖሊስ አመልክቻለሁ፣ ለሁለቱም መተግበሪያዎች ሪፖርት አድርጌያለሁ። የወጣቱን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ባልደረባዬም እንዲያነበው ልኬለታለሁ። የስውር መተግበሪያውን ነገር ትቼዋለሁ።

ሪፖርቱን ስሞላ ግን ሌላ ነገር አየሁ። የልጄ አካውንት ላይ የትውልድ ዓመቷ 2003 ይላል። ስጠይቃት «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሞሉት፤ ካልሆነ አይከፍትም» አለችኝ። እውነት ለመናገር አካውንቱ ሲከፈት አጠገቧ ነበርኩ፤ ምን እንደሞላች አልጠየቅኩም። ይህ 13 ዓመት የሚባለው ገደብ ከየት የመጣ ነው? ብታስተካክለው ይሻላል ወይስ ይዘጋል?

መምህርት ነኝ

13 የሚለው ቁጥር የመጣው ልጅ በ13 ዓመቱ ለማኅበራዊ ሚዲያ ይበስላል ብሎ ከወሰነ ሐኪም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣና በ2000 ሥራ ላይ የዋለ የአሜሪካ ሕግ ከ13 ዓመት በታች ካሉ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ የግል መረጃ መሰብሰብን ከለከለ፤ ድርጅቶቹም ፈቃድ ከመጠየቅ ይልቅ ከ13 በታች አንቀበልም ብለው መጻፉን መረጡ። የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ሕግ ደግሞ መነሻውን 16 አድርጎ አገሮች እስከ 13 ዝቅ እንዲያደርጉት ፈቅዷል። አውስትራሊያ ከዚህ ርቃ ሄዳ ከዲሴምበር 10 ቀን 2025 ጀምሮ ዋና ዋናዎቹ የማኅበራዊ ሚዲያ መድረኮች ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አካውንት እንዳይኖራቸው አድርጋለች፤ ቅጣቱም በድርጅቶቹ ላይ እንጂ በልጁ ወይም በወላጁ ላይ አይደለም። ስለዚህ 13 የሚለውን ቁጥር እንደ ብስለት ማረጋገጫ አድርገን የምንይዘው እኛ ወላጆችና መምህራን ነን።

የትውልድ ዓመቱ ውሸት ግን ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። በ9 ዓመቷ «13 ነኝ» ብላ የከፈተች ልጅ 14 ሲሞላት አካውንቷ 18 ይላታል። ልጅዎ ደግሞ ከመጀመሪያውም በአዋቂነት ነው የተመዘገበችው። ብዙ መድረኮች ለታዳጊዎች አካውንቱን ከእንግዳ ሰው መልእክት የሚዘጉት በዚህ ዕድሜ ተመሥርተው ነው፤ ኢንስታግራም ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የታዳጊዎችን አካውንት ከመነሻው ዝግ አድርጎ ተከታዮቿ ያልሆኑ ሰዎች እንዳያዩት፣ የማትከተላቸውም እንዳይጽፉላት ያደርጋል። 2003 የሚለው ዓመት ይህን ሁሉ አጥፍቶታል። የመልእክት መተግበሪያውን ይዝጉት፤ ጌሙ ላይ ያለውን በትክክለኛው ዓመት በእርስዎ ኢሜይል አዲስ ይክፈቱላት። የሰበሰበቻቸው ነገሮች እንደሚጠፉ አስቀድመው ይንገሯት፤ ለእሷ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ አይሳቁባት።

የሕፃናት ሐኪም

ስለ ሰዓት የጠየቀ ባይኖርም የክሊኒኬ ወላጆች ሁሉ የሚጀምሩት ከዚያ ስለሆነ በአጭሩ ልበል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ላይ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ተቀምጦ ስክሪን ማየትን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ካነሰም እንደሚሻል ይናገራል። ለ12 ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ቁጥር በመመሪያው ውስጥ የለም። እኔ የምጠይቀው ስለ እንቅልፍ ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ያለ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንዲተኛ ይመክራል። ይህ እየጎደለ ከሆነ ስልኩ ሌሊት የት እንደሚያድር እጠይቃለሁ። መልሱ ብዙ ጊዜ ትራስ ሥር ነው። ያ ሰው ለልጅዎ የሚጽፍላት በስንት ሰዓት ነበር? ብገምት ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው፤ ልጅ ብቻውን ሆኖ፣ ደክሞትና እንቅልፍ አጥቶ የሚወስነው ውሳኔ የቀኑ ውሳኔው አይደለም። ስለዚህ የሁሉም ስልክ ከመኝታ ቤት ውጭ ይደር። ሁሉም ስል የአባትና የእናትንም ጭምር ነው፤ ይህን ስናገር ወላጆች ፊታቸውን ያዞሩብኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ «ልጄ ሱሰኛ ሆነ» የሚለውን ቃል በቀላሉ አትጠቀሙበት። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም መታወክ ብሎ የመዘገበው ችግር አለ፤ መስፈርቱ ግን ልጁ ሲጫወት ራሱን መቆጣጠር አለመቻሉ፣ ጌሙ ከሌላው ሕይወቱ ሁሉ መቅደሙና እየጎዳውም መቀጠሉ ሲሆን፣ ይህም በአብዛኛው ቢያንስ 12 ወር የዘለቀ መሆን አለበት። ሲጠራ ቶሎ የማይመጣ ልጅ ሁሉ ታማሚ አይደለም። ቪዲዮው ሲያልቅ ሌላው ራሱ እንዲጀምር አድርገው የሠሩት አዋቂዎች ናቸው፤ በሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ያንን ማጥፋት ከብዙ ጩኸት ያድናል።

ሥጋት የያዛት እናት

እኔ ደግሞ ዛሬ ጠዋት በአንድ የወላጆች ቡድን ውስጥ የመጣ መልእክት አስደንግጦኛል። በልጆች ካርቱን መካከል አንድ የሚያስፈራ ፊት ብቅ እያለ ልጆች ራሳቸውን እንዲጎዱ ያዝዛል ይላል፤ ለሁሉም ወላጅ አስተላልፉ ይላል። እውነት ይሆን?

የኔትዎርክ ሠራተኛ

እህቴ፣ አያስተላልፉት። ይህ ወሬ እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ላይ «ሞሞ» በሚል ስም ዓለምን ያዳረሰው ነው። ምስሉ ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 ለዐውደ ርእይ የቀረበ ቅርጽ ፎቶ ነበር። በዚያን ጊዜ የልጆች በጎ አድራጎት ድርጅቶች ልጆች በዚህ እንደተጎዱ የሚያሳይ ማስረጃ እንደሌለ ተናግረዋል፤ ምስሉን ያላዩ ብዙ ልጆች ያዩት ወላጆችና ትምህርት ቤቶች ለማስጠንቀቅ ብለው ሲያሰራጩት ነው። ልጅዎ ያየችው ነገር ካለ እሷኑ ይጠይቋት፤ ምስሉን ግን እርስዎ አያሳዩዋት።

ቆፍጣናው አባት

ወጣቱ የጻፈውን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን ዝም ብያለሁ። በስውር የሚጫነውን መተግበሪያ በተመለከተ ቃሌን አንሥቻለሁ። ስልክ ማየቱን ግን አልተውም፤ የ9 ዓመቱን እንደ ቀድሞው፣ የ14 ዓመቱን ደግሞ እሱ ባለበት፣ ከማን ጋር እንደሚጻጻፍ ስም ዝርዝሩን ብቻ። ትናንት ይህን ስነግረው «የጻፍኩትን አታነብም ማለት ነው?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። መምህርቷ ስለ ጓደኞቹ ምስጢር ያሉት አልታየኝም ነበር። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ጉዳይ «ልጅህን እመነው» ብለው ለሚመክሩ ሰዎች አንድ ነገር ልበል፤ ሥራ በዝቶባቸው ልጃቸው ምን እንደሚያደርግ የማያውቁ ወላጆችም «እኔ ልጄን አምናለሁ» ነው የሚሉት።

የሦስት ልጆች እናት

በመጨረሻው ላይ እስማማለሁ። እኔ ራሴ ያልኩት ቃል ነው።

ግራ የገባው አባት

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ፤ ጠይቆ መጥፋት ነውር ስለሆነ የሆነውን ልንገራችሁ። ስልኩን በስድስተኛው ቀን መለስኩላት፤ ተሳስቼ እንደወሰድኩባትም ነገርኳት። ያለቀሰችው ስልኩን ስሰጣት ሳይሆን ይህን ስላት ነው። ከዚያ ሦስታችን ተቀምጠን አንድ ገጽ ስምምነት ጻፍን፤ የጻፈችው እሷ ናት። የመጀመሪያው ነጥብ፣ ያስደነገጣትን ነገር የነገረችን ጊዜ፣ ራሷ ያጠፋችው ነገር ቢኖርበት እንኳ በመናገሯ ምክንያት ስልኳ አይወሰድም የሚል ነው። ባለቤቴ «ያጠፋችው ነገር ቢኖርበት እንኳ» የሚለውን ሐረግ ለማስገባት ብዙ ተከራክራኛለች፤ አሁን ሳስበው የስምምነቱ ዋና ነገር እሱ ነው፤ ልጅ የሚደብቀው በከፊል ያጠፋ ሲመስለው ነው። ስልኮች ሁሉ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ሳሎን ያድራሉ። እኔ ስልኬ የማንቂያ ደወሌ ነው ብዬ ልሸሽ ሞክሬ ነበር፤ ልጄ ሄዳ ከመሳቢያ ውስጥ የቆየ የደወል ሰዓት አውጥታ አመጣችልኝ።

እሷን የሚመለከቱትን ነጥቦች ከጨረስን በኋላ እሷ በእኛ ላይ አንድ ነጥብ ጨመረች፤ ሳንጠይቃት ፎቶዋን እንዳንለጥፍ። ምን እያልሽ ነው ብዬ ገጼን ከፈትኩ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ የትምህርት መክፈቻ ቀን፣ የደንብ ልብሷን ለብሳ በሩ ላይ ቆማ ያነሣኋት ፎቶ አለ፤ የትምህርት ቤቱ ስም ከራሷ በላይ በትልቁ ይነበባል፤ ለማንም ክፍት ነው። ያ ሰው ሦስት ሳምንት ለፍቶ ያገኘውን ነገር እኔ በነጻ አስቀምጬዋለሁ። ፎቶዎቹን ማታውን አብረን እያየን 41 ከገጼ ላይ አጠፋን። ሁለቱን ራሷ «ይቆዩ» አለች።

ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሌላ አካውንት በጌሙ ውስጥ ስጦታ ልላክልሽ እንዳላት ነገረችኝ። መልእክቱ የመጣው ከሁለት ቀን በፊት ነው፤ ሁለት ቀን አስባበታለች ማለት ነው። ስክሪንሾት አንሥታ፣ ብሎክ አድርጋ፣ ሪፖርቱን ግን አብረን እንሙላው ብላ ነው የመጣችው። ስትነግረኝ እጄ ሳላስበው ወደ ስልኩ ሲሄድ አየችው፤ እኔም አየኋት። እጄን መልሼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። «ያዘው፣ ልታየው ትችላለህ» አለችኝ።

የኔትዎርክ ሠራተኛ

ሪፖርቱን ስትሞሉ የመጀመሪያውን ሪፖርት ቁጥር አብራችሁ ጻፉ፤ ያው ሰው በሌላ ስም ተመልሶ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱን አያይዘው እንዲያዩት ይረዳል። አዲሱን ስክሪንሾትም ለፖሊስ ካመለከታችሁት ጋር አክሉት። በጌሙ ሴቲንግ ውስጥ ደግሞ ስጦታና መልእክት ከጓደኞች ብቻ እንዲመጣ የሚያደርግ ምርጫ መኖሩን ተመልከቱ፤ ካለ እሷው ትክፈተው፣ እርስዎ ከጎኗ ይቀመጡ።